የመርካቶ ባሕር፦ ከምናለሽ ተራ እስከ አቤ ሐይቅ



የዚህ ገለጻ ማስታወቂያ በተለጠፈ ማግስት አንድ ባልደረባዬ ደረጃው ላይ አስቁሞኝ፣ «የባሕር በር አጥተን በምንብሰለሰልበት አገር ስለ ባሕር ቆሻሻ ልታስተምረን ነው?» ሲል ጠየቀኝ። እየሳቀ ነበር። ጥያቄው ግን የሚናቅ አይደለም፤ እኔም ላለፉት ጥቂት ዓመታት ስመላለስበት ቆይቻለሁ። የባሕርን ብክለት ለመቀነስ ጎረቤት አገሮች እንደሚተባበሩ፣ በጎ ፈቃደኞችም ለዚህ ትብብር ጉልበታቸውንና ጊዜያቸውን እንደሚሰጡ እናውቃለን። በዚህ ሥራ ውስጥ በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ በመርካቶ መካከል የሚውል ሰው ምን ቦታ አለው? ቦታ አለው ብዬ አምናለሁ። ሆኖም ቦታው ብዙዎቻችን በምንገምተው ሥፍራ አይደለም፤ እኔም የተረዳሁት ተሳስቼ ነው። ስሕተቴን ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

በመጀመሪያ የውሃውን መንገድ እንከተል። እንጦጦ ላይ የሚወርድ ዝናብ ሁለት ዕጣ አለው። በሰሜኑ ተዳፋት የወረደው በሱሉልታ ሜዳ አድርጎ በሙገር በኩል ከዓባይ ይገባል፤ ከዚያም ሱዳንንና ግብፅን አቋርጦ ሜዲትራኒያን ይደርሳል። በደቡቡ ተዳፋት የወረደው ከተማችንን ሰንጥቆ ወደ አቃቂ ይወርዳል። መርካቶ ከደቡቡ ወገን ናት። ጎርፏ ወደ ምዕራብ ቢያዘነብል ትንሹን አቃቂ፣ ወደ ምሥራቅ ቢያዘነብል የትልቁን አቃቂ ገባሮች ያገኛል፤ ሁለቱም አባ ሳሙኤል ላይ ይገናኛሉ። ከአባ ሳሙኤል አዋሽ ይቀጥላል፤ አዋሽ ቆቃ ላይ ያርፍና በመተሐራ፣ በአሚባራ፣ በዱብቲ፣ በአሳይታ አልፎ ከጅቡቲ ወሰን ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ባሕር ሳያይ የሚያልቅ ወንዝ ነው።

ይህን የሰማ ሰው «እንግዲያውስ የመርካቶ ፌስታል ባሕር አይደርስም፤ ነገሩ እኛን አይመለከተንም» ሊል ይችላል። እኔ ከዚሁ እውነት የምደርስበት መደምደሚያ ተቃራኒ ነው። ባሕር የሚደርስ ወንዝ ጥፋቱን ለሰፊው ውሃ አስረክቦ ይገላገላል። አዋሽ ግን የሚያስረክበው የለውም። የተሸከመውን ሁሉ የሚያራግፈው በመንገዱ ባሉ ግድቦች፣ በመስኖ እርሻዎች፣ በአፋር የግጦሽ መሬትና በመጨረሻው ሐይቅ ላይ ነው። የመርካቶ ባሕር አቤ ሐይቅ ነው። ዳርቻውም የሁለት አገር ሕዝብ ነው።

አሁን ወደ ገበያይቱ ታሪክ ልመለስ። መርካቶ ዛሬ ባለችበት ሥፍራ የቆመችው በፋሺስት ወረራ ዘመን ነው። ከዚያ በፊት የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ አራዳ፣ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። ጣሊያኖች ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ከተማዋን ከያዙ በኋላ ነጭና ጥቁርን በሰፈር ለመለየት ዕቅድ አወጡ፤ በዚያም መሠረት አራዳን ለአውሮፓውያን አስቀርተው የአገሬውን ሰው ገበያ ወደ ምዕራብ ገፉት። መርካቶ የሚለው ቃል ራሱ ጣሊያንኛ ነው። ከነጻነት በኋላ በተለይ የጉራጌ ነጋዴዎች በድካማቸው አሳድገዋት የአገሪቱ የንግድ ማዕከል ሆነች፤ ስሟን ግን ማንም አልለወጠውም።

እዚህ ላይ አንድ ምጸት አለ። ከመርካቶ የሚወርደውን ውሃ በመጀመሪያ የሚያግደው አባ ሳሙኤል በዚያው በወረራው ዘመን የተሠራ ግድብ ነው። ሁለተኛው ቆቃም ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1956 በተደረገ ስምምነት ለጦርነቱ ጉዳት በከፈለችው ካሣ ተገንብቶ በ1952 ዓ.ም. ተመረቀ። ገበያችንን ከአራዳ ያፈናቀለው ኃይል የገበያችን ቆሻሻ የሚጠራቀምባቸውን ሁለት ግድቦች አንዱን በወራሪነት፣ ሌላውን በባለዕዳነት ትቶልን ሄዷል ማለት ነው። በእርግጥ ያኔ ቆቃን ያቀዱት መሐንዲሶች ስለ ፕላስቲክ አላሰቡም፤ ሊያስቡም አይችሉም ነበር።

የቀድሞው ገበያ የሚጥለው ምን ነበር? አመድ፣ ገለባ፣ አጥንት፣ ቅጠል፣ የከብት እበት። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባን ያዩ እንግዶች ደጋግመው እንደጻፉት የከተማዋ ጽዳት ሠራተኛ ሌሊት ሌሊት ከዱር የሚገባው ጅብ ነበር። ዕቃ የሚቋጠረው በቅጠል፣ በአገልግል፣ በስልቻ፣ በጨርቅ ነው። ከአፋር ጨው ሜዳ የሚመጣው አሞሌ እንኳ፣ ማለትም ከጥንታዊ ባሕር ተቆርጦ ደጋ የወጣው ገንዘባችን፣ እንዳይሰበር የሚታሰረው በዘንባባ ነበር። ያ ሁሉ ጥቂት ክረምት ሲያልፍበት መሬት ይሆናል። ይህን ስል የድሮውን ከተማ ንጹሕ ነበር ማለቴ አይደለም፤ ሽታውንና በሽታውን የመዘገቡ ብዙዎች ናቸው። የሚጣለው ነገር ዕድሜ አጭር ነበር ማለቴ ነው።

ከዚያ ቆርቆሮ መጣ። የላምባና የዘይት ቆርቆሮ፣ የቲማቲም ጣሳ፣ የሬንጅ በርሜል፣ ያረጀ የመኪና ጎማ። እነዚህ ነገሮች መርካቶ ሲደርሱ ቆሻሻ አልሆኑም፤ ምናለሽ ተራ ገቡ። የተራው ስም «ምን አለሽ?» ከሚለው ጥያቄ እንደመጣ ይነገራል። ከጣሳ ኩራዝ፣ ከቆርቆሮ ፈርኔሎና አክንባሎ፣ ከበርሜል የብረት ምጣድ፣ ከጎማ በረባሶና ባልዲ የሚወጣበት ሥፍራ ነው። ባዶ ጣሳ የበርበሬና የእህል መስፈሪያ እስከ መሆን ደርሶ ከቁና ጎን ተሰልፏል። አንድ ዕቃ ይዘቱ ካለቀ በኋላ መለኪያ ሆኖ ገበያውን ሲዳኝ ማየት ለታሪክ ተማሪ ትልቅ ነገር ነው።

ይህን ሥርዓት የሚመግበው በየመንደሩ የሚዞረው ሰው ነው። «ቆራሌው!» እያለ ማዳበሪያ ተሸክሞ ጠርሙስ፣ ብረታ ብረት፣ የተሰበረ ሬዲዮና አሮጌ ጫማ ይገዛል። ሌላው «ልዋጭ!» ይላል፤ እሱ በገንዘብ ፈንታ አዲስ የፕላስቲክ ሳፋ ወይም ጆግ ሰጥቶ አሮጌ ልብስ ይወስዳል። ሁለቱም ማታ መርካቶ ይገባሉ። ዛሬ በየዓለም አቀፉ ጉባኤ «ክብ ኢኮኖሚ» እየተባለ የሚሰበከው ነገር በዚህ ከተማ ስም ሳይወጣለት፣ ፈቃድም ሳይጠይቅ፣ ከብዙ ዐሥርት ዓመታት በፊት ይሠራ ነበር። ሰሚናር ላይ ስለዚሁ ጉዳይ ከውጭ የመጣ ሥዕላዊ መግለጫ በተነሣ ቁጥር ቆራሌው ለምን እንዳልተጋበዘ እጠይቃለሁ። እስካሁን መልስ ያገኘሁበት ጊዜ የለም።

ፕላስቲክ ወደዚህ ሥርዓት የገባው እንደ እንግዳ ሳይሆን እንደ ባለውለታ ነበር። በ1950 እ.ኤ.አ. የዓለም ዓመታዊ የፕላስቲክ ምርት 2 ሚሊዮን ቶን ገደማ ነበር፤ ዛሬ ከ400 ሚሊዮን ቶን ይበልጣል። በዚህ ጎርፍ ውስጥ ወደ እኛ የደረሰውን ሁሉ ማውገዝ ግፍ ይሆናል። ሸክላ እንስራ አዝላ ምንጭ ስትወርድና ስትወጣ የኖረች ሴት ጀሪካን ባገኘች ቀን ወገቧ ምን ያህል እንዳረፈ የሚያውቅ ያውቃል። ጀሪካን አይጣልም፤ ሲቀደድ ይበየዳል፣ መበየድ ሲያቅት ይቆረጥና ማሰሻ፣ መቅጃ፣ የአበባ መትከያ ይሆናል። ምናለሽ ተራ ጀሪካንን ያለ ችግር ተቀብሏል።

ቀጥሎ የመጣው የታሸገ ውሃ ነው። አምቦ ውሃ ለብዙ ዓመታት ባዶው በሚመለስ ጠርሙስ ተሸጧል። በፕላስቲክ የታሸገው ውሃ ሲመጣ ግን አንዱ የንግድ ምልክት ለዕቃው ሁሉ ስም ሆኖ ቀረ፤ ዛሬ የየትኛውም ፋብሪካ ባዶ ጠርሙስ በአዲስ አበባ አፍ «ሃይላንድ» ነው። ሃይላንድም መጀመሪያ ላይ ለዘይት፣ ለላምባ፣ ለጠላ መያዣ እየተሸጠ ቆይቶ ኋላ በኪሎ የሚገዛው ተገኘለት። ቆራሌው ተቀበለው።

ፌስታልን ግን ማንም አልተቀበለውም። ስዊድናዊው ኩባንያ ሴሎፕላስት ባለ እጀታውን ስስ ከረጢት እ.ኤ.አ. በ1965 በፈጠራ መብት ሲያስመዘግብ የዘነጋው ነገር ቢኖር ዕቃው ከተጣለ በኋላ ለማንም ዋጋ እንደሌለው ነው። ፌስታል ለኪሎ ሚዛን እጅግ ይቀልላል፤ ታጥቦ ለመሸጥ እጅግ ይቆሽሻል። በኢትዮጵያ በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነውን ፌስታል ከልክሎ ነበር። አዋጁ በወረቀት ላይ ሳለ ስሱ ፌስታል በመርካቶ በረንዳዎች ላይ ለዐሥራ ስምንት ዓመታት በጥቅል በጥቅል ሲቸበቸብ ኖረ። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አዲስ አዋጅ አጽድቆ የፌስታል ከረጢትን በጠቅላላው ከልክሏል፤ ውጤቱን ለመመዘን ጊዜው ገና ነው።

አሁን የገባሁላችሁን የስሕተት ታሪክ ልናገር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከተማሪዎቼ ጋር ከመርካቶ በታች ያለ አንድ የወንዝ ዳርቻ ለማጽዳት ወጣን። ሐሳቡን ያመነጨሁት እኔ ነኝ። ቢጫ ሰደርያ ለብሰን፣ ጓንት አጥልቀን፣ ፎቶግራፍ ተነሥተን፣ ከጠዋት እስከ ቀትር ለቀምን። ፌስታሉ ከጭቃ ጋር ተጣብቆ ስላስቸገረን በብዛት ያነሣነው ቀለል የሚለውን ነበር፤ ሃይላንድ፣ የለስላሳ ጠርሙስ፣ የተሰበረ ሳፋ። ክምሩ ደስ ይል ነበር። መኪና መጥቶ ከሌላው ቆሻሻ ጋር ደባልቆ ጫነው፤ እኛም ተጨባብጠን ልንበተን ሆነ።

በዚያ ጊዜ ማዳበሪያ የተሸከመ አንድ ወጣት ቀረበኝ። «ጋሼ፣ ያን ሁሉ ሃይላንድ የት ወሰዳችሁት?» አለኝ። መጣያ ቦታ እንደተወሰደ ነገርሁት። ዝም አለ። ቀጥሎም ያለ ቁጣ፣ «የእኔና የጓደኞቼ የሳምንት እንጀራ ነበር እኮ። እንዲያው ብትነግሩን መጥተን እንወስድላችሁ ነበር። ፌስታሉን ብታነሡልን ነው የሚሻለው፤ እሱን እኛም አንፈልገውም» አለኝ። ምን እንደመለስሁለት አላስታውስም። ዘወር ብዬ ወንዙን ሳይ ፌስታሉ በሙሉ እንደነበረ አለ፤ በየቁጥቋጦው ላይ ተንጠልጥሎ።

በዚያ ቀን ሁለት ጥፋት ሠርተናል። የሚበላበትን ነገር ከሰው እጅ ነጥቀን ወደ መሬት ቀበርን፤ ማንም የማያነሣውን ደግሞ ለአዋሽ ተውንለት። ቆይቼ ሳስበው የተረዳሁት ነገር ለዛሬው ገለጻ መነሻ ሆነኝ። ወንዝ የሚወስደው ምናለሽ ተራ የናቀውን ነው። ዋጋ ያለው ነገር ሁሉ መርካቶ ላይ ተይዞ ይቀራል፤ ወደ አባ ሳሙኤል የሚወርደው ዋጋ የሌለው ነው። እንግዲህ የበጎ ፈቃደኛ ሥራ የሚጀምረው ዋጋ ካቆመበት ላይ ነው ማለት ነው። ከዚያ መለስ ያለው ሥራ ባለቤት አለው።

ባለቤቶቹ በምን ሁኔታ እንደሚሠሩ ለማስታወስ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ይበቃል። በዚያ ምሽት በቆሼ የቆሻሻው ተራራ ተንዶ በሥሩ ጎጆ ቀልሰው የሚኖሩ ከመቶ በላይ ሰዎችን ቀበረ። ከሟቾቹ መካከል ከዚያው ክምር ውስጥ የሚሸጥ ነገር እየለቀሙ የሚተዳደሩ ነበሩ። እኛ ከወንዝ አንሥተን «መጣያ ቦታ» ብለን የምንልከው ሁሉ የሚያርፈው እንዲህ ባሉ ሰዎች ራስ ላይ ነው።

ስለ በጎ ፈቃድ ስንናገር የምንጠቀምበትን ቃልም ልብ በሉት። ጽዳትን «ዘመቻ» እንላለን። ዘመቻ የጦርነት ቃል ነው፤ ክተት ተብሎ ይወጣል፣ ጠላት ሲሸሽ ይመለሳል። በ1967 ዓ.ም. የእድገት በሕብረት ዘመቻ ሲታወጅ ተማሪው ወደ ገጠር የወጣው በትእዛዝ ነው፤ ፈቃዱን የጠየቀው አልነበረም። ከዚያ ወዲህ የሕዝብ ሥራ ሁሉ ዘመቻ ሆነ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የአማራ ክልል ጣናን ከእምቦጭ ለማጽዳት የአንድ ወር ዘመቻ ሲጠራ ሰው በእጁ አረሙን እየነቀለ ውሃ ውስጥ ቆሞ ዋለ። ያን ድካም የሚያቃልል አንድ ቃል አይወጣኝም። ግን እምቦጭ ተመልሶ በቅሏል። አረሙ በአገራችን መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ1965 በዚሁ በቆቃና በአዋሽ ላይ ነበር፤ ከዚያ ጣና እስኪደርስ ግማሽ ምእተ ዓመት ያህል ጊዜ ነበረን።

ከዘመቻ ይልቅ አባቶቻችን የሚያውቁት ደቦና ወንፈል ለዚህ ሥራ ይስማማል። ወንፈል ዕዳ ነው፤ ዛሬ ለእኔ የሠራህልኝን ነገ ለአንተ እሠራለሁ፤ ወቅቱ ሲደርስም ይመለሳል። ቆሻሻም እንደ አረምና እንደ አጨዳ በየወቅቱ የሚመለስ ነገር ነው። ልዩነቱ ወንፈል በሚተዋወቁ ጎረቤቶች መካከል መሆኑ ነው። የመርካቶ ሰው የአሳይታን ሰው አያውቀውም። ይህን ርቀት የሚያጠብበው ምንድን ነው? ለዚህ ከውጭ አንድ ምሳሌ ላምጣ።

እ.ኤ.አ. በ1986 ሊንዳ ማራኒስና ካቲ ኦሃራ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በቴክሳስ የባሕር ዳርቻ የጽዳት ቀን አዘጋጁ። 2,800 ያህል ሰው መጣ። እስከዚህ ድረስ የተለመደ ነው። ያልተለመደው ለእያንዳንዱ ሰው ከከረጢቱ ጋር አንድ ካርድ መስጠታቸው ነው፤ ያነሣኸውን ጻፍ፣ ስንት ጠርሙስ፣ ስንት ገመድ፣ ስንት ክዳን። ካርዶቹ ሲደመሩ ብዙው ቆሻሻ ከዳርቻው ሰው ሳይሆን ከመርከቦች የተጣለ መሆኑ ታየ። ይህ ማስረጃ ከሌሎች ጋር ተጨምሮ አሜሪካ መርከቦች ፕላስቲክ ወደ ባሕር እንዳይጥሉ የሚከለክለውን የማርፖል ስምምነት አምስተኛ አባሪ እንድታጸድቅ ለቀረበው ክርክር አገለገለ፤ አባሪውም ታኅሣሥ 31 ቀን 1988 እ.ኤ.አ. በሥራ ላይ ዋለ። የዚያ ቀን ጽዳት በሚቀጥለው ሞገድ ጠፍቷል። የቀረው ቆጠራው ነው። በአገሮች መካከል ላለ ትብብር በጎ ፈቃደኛ ያበረከተው ትልቁ ነገር ይህ ይመስለኛል፤ መንግሥታት ሊክዱት የማይችሉትን ቁጥር ማቅረብ።

በእኛ አካባቢ ግን ትብብሩ ራሱ የት አለ? ኢትዮጵያ ከ1945 ዓ.ም. ፌዴሬሽን ጀምሮ እስከ ኤርትራ ነጻነት ድረስ የቀይ ባሕር ጠረፍ ነበራት። የቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤን አካባቢ ለመጠበቅ የጅዳ ስምምነት በየካቲት ወር 1982 እ.ኤ.አ. ሲፈረም ምፅዋና አሰብ የኢትዮጵያ ወደቦች ነበሩ። ሆኖም ከፈራሚዎቹ መካከል ኢትዮጵያ አልነበረችም። የዚያን ዘመን ፖለቲካ፣ የሰሜኑን ጦርነትና ከዐረብ መንግሥታት ጋር የነበረውን መቃቃር ለሚያስታውስ ሰው ይህ አይገርምም። ከስምምነቱ የበቀለው ድርጅት ዛሬም መቀመጫው ጅዳ ሲሆን ጅቡቲ፣ ግብፅ፣ ዮርዳኖስ፣ ሳዑዲ ዐረቢያ፣ ሶማሊያ፣ ሱዳንና የመን አባሎቹ ናቸው። ባሕር በነበረን ጊዜ ስለ ባሕሩ ጤና ከጎረቤት ጋር ለመማከር ያልተቀመጥን ሰዎች ነን። ይህን የምለው ባሕሩን ማጣታችን ብቻ ተደጋግሞ ሲነገር ስለምሰማ ነው።

ከግንቦት 1990 ዓ.ም. ጦርነት ወዲህ ንግዳችን በአብዛኛው በጅቡቲ ነው። ለመርካቶ ፋብሪካዎች ፌስታልና ሃይላንድ የሚሆነው ጥሬ ዕቃ በመርከብ መጥቶ፣ በጅቡቲ ወርዶ፣ በከባድ መኪና አፋርን አቋርጦ ሽቅብ ይወጣል። ተሠርቶ፣ ተሸጦ፣ ተጥሎ በአዋሽ ቁልቁል ወደዚያው አቅጣጫ ይመለሳል፤ ከጅቡቲ ወሰን ላይም ይቆማል። ይህ ክብ በሁለት አገሮች መካከል የተሳለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ድርቅን ለመቋቋም የተመሠረተውና ዛሬ ኢጋድ የምንለው ድርጅት መቀመጫው እዚያው ጅቡቲ ነው፤ ኢትዮጵያም ከመሥራቾቹ አንዷ ናት። ስለ አቤ ሐይቅ ለመነጋገር የባሕር በር አያስፈልግም፤ ጠረጴዛው ከተዘጋጀ አርባ ዓመት ያህል ሆኖታል።

ጎረቤቶቻችን በየፊናቸው ተራምደዋል። ኤርትራ በ2005፣ ሩዋንዳ በ2008፣ ኬንያ በ2017፣ ታንዛኒያ በ2019 እ.ኤ.አ. የፕላስቲክ ከረጢትን ከልክለዋል። ኬንያ ከከለከለች በኋላ ከረጢቱ በድንበር በኩል በድብቅ ይገባ ነበር፤ አንዱ ሲዘጋ ሌላው ክፍት ከሆነ ሕጉ ወንፊት ነው። በመጋቢት 2022 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጉባኤ ናይሮቢ ላይ ዓለም አቀፍ የፕላስቲክ ስምምነት እንዲረቀቅ ወሰነ። ውሳኔው ጉዳዩን ከባሕር ዳርቻ አንሥቶ ፕላስቲክ ከሚመረትበት እስከሚጣልበት ድረስ ዘረጋው፤ በዚህም ባሕር የሌለን አገሮች ከተመልካችነት ወጣን። ድርድሩ ግን በቡሳንም፣ በነሐሴ 2025 እ.ኤ.አ. በጄኔቫም ያለ ስምምነት ተበትኗል። መንግሥታት እስኪስማሙ የሚጠበቅ ከሆነ አዋሽ አይጠብቅም።

ሳይንሱም ቢሆን በአገራችን ገና እየጀመረ ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት በዝዋይ ሐይቅ ከተመረመሩት ዓሦች ከመቶ 35ቱ ፕላስቲክ መዋጣቸውን አሳይቷል። ዝዋይም እንደ አቤ ባሕር የማይደርስ የስምጥ ሸለቆ ውሃ ነው። ዓሣውን የሚበላው አዲስ አበባ ነው።

ከዚያ ከማዳበሪያ ተሸካሚው ወጣት ጋር ከተገናኘን በኋላ ከተማሪዎቼ ጋር ሥራችንን ለወጥን። ማንሣቱን አልተውንም፤ ግን ከመቁጠር ጋር አደረግነው። እስካሁን ያደረግናቸው ጥቂት ቆጠራዎች ናቸውና ቁጥሮቹን ዛሬ አላቀርብላችሁም፤ በጥቂት ቀን ቆጠራ ታሪክ አይጻፍም። ነገር ግን ካርዱን ስናዘጋጅ የገጠመንን ላካፍላችሁ። በመጀመሪያ የወሰድነው በውጭ አገር የባሕር ዳርቻዎች የሚሠራበትን ካርድ ተርጉመን ነበር። የዓሣ መረብ፣ የቢራ ቆርቆሮ ማሰሪያ ቀለበት፣ የገለባ መጠጫ የሚሉ መስመሮች ነበሩት፤ አብዛኞቹ ባዶ ቀሩ። በእኛ ወንዝ ያለው ሌላ ነው። የጫት ፌስታል፣ የአንድ ጊዜ ሳሙናና ሻምፑ ከረጢት፣ የሚዘረዘር ዘይት ፌስታል፣ የማዳበሪያ ክር፣ የነጠላ ጫማ ስባሪ፣ የቴፕ ጥቅልል። ተማሪዎቼ «ሌሎች» በሚለው መስመር ላይ ጽፈው ጽፈው ቦታው አልበቃቸውም።

ካርዱን እንደገና የጻፍነው ምናለሽ ተራ ውስጥ ቁጭ ብለን ነው። አንድ ሽማግሌ ባለ ሚዛን ከፊታችን አንድ ክምር አፍስሰው በእጃቸው እየለዩ ስሞቹን ነገሩን፤ «ደረቁ»፣ «ለስላሳው»፣ «ነጩ»፣ «ጥቁሩ»። እርሳቸው በመዳፍ ዳሰው የሚለዩት እኛ በቤተ ሙከራ በስንት ድካም የምንለየውን ነው። ተማሪዎቹ «አባባ፣ ይህስ?» እያሉ አንድ በአንድ ያሳዩአቸዋል፤ እርሳቸው ሳይሰለቹ ይመልሳሉ። ከምሳ በኋላ ያ ወጣትም መጣ። ካርዱን አገላብጦ አይቶ፣ «አንድ ነገር ይጎድለዋል» አለ። በዚህም ምክንያት ከእያንዳንዱ ዓይነት ጎን ሁለት ጠባብ ዓምዶች ጨመርን፤ «ገዢ አለው» እና «ገዢ የለውም»። በየትኛውም አገር ካርድ ላይ ይህን አላየሁም። የመጀመሪያው ዓምድ ያለበት ሁሉ ለቆራሌዎች ይተዋል፤ ሁለተኛው የእኛ ነው።

አሁን የምንፈልገው ይኸው ካርድ በሦስት ቦታ በአንድ ቀን እንዲሞላ ነው፤ ከመርካቶ በታች፣ በቆቃ ዳርቻ፣ በአሳይታ። በታችኛው አዋሽ ያሉ ባልደረቦቻችን ወደ አፋርኛ እየመለሱት ነው። ጅቡቲ ላይ የሚሞላ ሰው ካገኘን ደግሞ በፈረንሳይኛና በሶማሊኛ ይዘጋጃል። የፌስታል አዋጁ መሥራት አለመሥራቱም «ገዢ የለውም» በሚለው ዓምድ ላይ ከዓመት ዓመት ይታያል ብዬ እጠብቃለሁ፤ እስከ አሁን ለመመዘን የሚያስችል የቀደመ ቆጠራ አልነበረንም።

ካርዶቹ ከአዳራሹ በር አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠዋል። የሚመጣው ቅዳሜ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን አጠገብ እንገናኛለን፤ ቦቲ ጫማ ያላችሁ አድርጋችሁ ኑ፣ ወንዙ ዳር ጭቃ ነው። ጥያቄ ካላችሁ አሁን መቀበል እችላለሁ። ደረጃው ላይ ያስቆመኝ ባልደረባዬም ከኋላ ተቀምጦ አየዋለሁና የመጀመሪያውን ዕድል ለእሱ እሰጣለሁ።